ዝምም ይነቅዛል

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገራችን ሰው። የተናገሩት ቃል ይጣመማል፣ ይመነዘራል፣ ዞሮ ባለቤቱን ይከስሳል፤ ያልተናገሩት ግን እንደተቀመጠ ይቆያል ለማለት ነው። ምክሩ ለነጋዴም ለአማችም ሳይሠራ አይቀርም። ለልጅ ግን ይሠራል ወይ? ስለ ነቀዝ እንኳን እኛ ወለጋዎች ብንናገር ያምርብናል፤ የበቆሎ አገር ሰዎች ነን። ጎምቢሳ ውስጥ የከረመ በቆሎ ነቀዝ ገብቶበትም ሩቅ ሆነው ሲያዩት ያው በቆሎ ነው። በእጅ ሲያነሡት ነው ቅልል የሚለው። ልጅም እንዲሁ ነው። ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ደብተሩን ይዞ ከትምህርት ቤት ይመለሳል። «ዛሬ እንዴት ዋልክ?» ሲባል «ደህና» ይልና ያልፋል። እኛም መልኩን አይተን እናልፋለን።

ይህን ማንሣቴ ስለ አንድ ልብ ወለድ ለመጻፍ ነው። ልብ ወለዱ የፔሩ ነው። ደራሲው እ.ኤ.አ. በ2010 የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘውና በ2025 ሊማ ውስጥ ያረፈው ማሪዮ ቫርጋስ ዮሳ ነው። መጽሐፉ በስፓኝ ቋንቋ «ከተማይቱና ውሾቹ» ይባላል፤ የእንግሊዝኛው ትርጉም ደግሞ «የጀግናው ዘመን» የሚል ሌላ ስም አውጥቶለታል። እ.ኤ.አ. በ1963 ባርሴሎና ላይ ሲታተም ደራሲው ገና የ27 ዓመት ወጣት ነበር። «ፔሩንና ባኬ ጃማን ምን አገናኛቸው?» ትሉ ይሆናል። የሚያገናኛቸው ትምህርት ቤት ነው። በልጆች ላይ በልጆች የሚፈጸም ግፍን፣ ግፉንም የሚያየውን ጎልማሳ ዝምታ ከዚህ መጽሐፍ አጥርቶ ያሳየኝ ልብ ወለድ አላነበብኩም።

ታሪኩ የሚፈጸመው ሊማ አጠገብ ባለው በሌኦንሲዮ ፕራዶ ወታደራዊ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ትምህርት ቤቱ በእውን ያለ ነው። ቫርጋስ ዮሳም አባቱ «ወንድ ይሁንልኝ» ብለው አስገብተውት እ.ኤ.አ. በ1950 እና በ1951 ተምሮበታል። ሦስት የክፍል ደረጃዎች አሉ። አዲስ ገቢዎቹ «ውሾች» ይባላሉ። የመጀመሪያው ቀን አቀባበላቸውም እንደ ስማቸው ነው፤ በአራት እግራቸው ይሄዳሉ፣ ይጮኻሉ፣ እርስ በርስ እንዲናከሱ ይደረጋሉ። ይህን የሚያደርጉባቸው ዓምና «ውሾች» የነበሩት ናቸው።

ከአዲስ ገቢዎቹ አንዱ «ጃጓር» የሚባል ልጅ እምቢ ይላል። ይደባደባል። ሌሎቹንም አሰባስቦ «ክበብ» የሚባል የምስጢር ማኅበር ያቋቁማል። ዓላማው ከታላላቆቹ ዱላ ራስን መከላከል ነበር። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ግን የመከላከያው ማኅበር የሰው ንብረት የሚሰርቅ፣ ደካማውን የሚያሠቃይ፣ ፈተና የሚሸጥ ሆኖ ያርፈዋል። መጽሐፉ የሚከፈተው በዚህ ጊዜ ነው። የኬሚስትሪ ፈተና ማን ይስረቅ ተብሎ ዛር ይጣላል፤ ዕጣው ካቫ ለሚባል ልጅ ይወጣል። ካቫ ፈተናውን ሲሰርቅ መስኮት ይሰብራል። ነገሩ ይታወቃል። ሌባው እስኪገኝ ድረስ በዚያ ሌሊት ዘብ የነበሩት ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ከተማ እንዳይወጡ ይታገዳሉ።

ከታገዱት አንዱ ሪካርዶ አራና ነው። ጓደኞቹ ያወጡለት ስም «ባሪያው» ነው። መደባደብ አይችልም፣ አይወድምም፤ ስለዚህ የሁሉም መጫወቻ ሆኗል። ውጭ አንዲት ተሬሳ የምትባል ልጅ ወዷል። ሊያያት ይፈልጋል። ሳምንታት ያልፋሉ። በመጨረሻ አንጀቱ አልችል ሲለው ሄዶ የካቫን ስም ይናገራል። ካቫ ማዕረጉ ተገፎ ይባረራል። ጥቂት ቆይቶ ተማሪዎቹ ለወታደራዊ ልምምድ ሜዳ ሲወጡ አራና ከኋላው በጥይት ራሱን ይመታል፤ ይሞታል። ሹማምንቱ ተሰብስበው «ልጁ ተደናቅፎ በገዛ ጠመንጃው ነው የሞተው» ብለው መዝገቡን ይዘጋሉ።

አልቤርቶ የሚባል ሌላ ተማሪ አለ። ቅጽል ስሙ «ገጣሚው» ነው፤ ለተማሪዎች የፍቅር ደብዳቤና የብልግና ተረት እየጻፈ ይሸጣል። የአራና ብቸኛ ወዳጅ እሱ ነበር። ወዳጅ ማለት ካስቻለ፤ ምክንያቱም ለአራና መልእክት ሊያደርስ ሄዶ ተሬሳን ለራሱ አድርጓታል። አልቤርቶ ጸጸቱ ሲበዛበት ለሻለቃ ሳይሆን ለመቶ አለቃ ጋምቦዋ ሄዶ «የገደለው ጃጓር ነው» ይላል። ጋምቦዋ ሕግ የሚያከብር፣ ተማሪዎቹም የሚያከብሩት መኮንን ነው። ነገሩን ወደ በላይ ያደርሳል። በላይ ያለው ኮሎኔል ግን አልቤርቶን ጠርቶ ሲሸጣቸው የኖሩትን የብልግና ጽሑፎች ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋለታል። «ወይ ክስህን ታነሣለህ፣ ወይ ይህ ለወላጆችህ ይደርሳል» ነው ነገሩ። አልቤርቶ ክሱን ያነሣል። ጋምቦዋም ሁሊያካ ወደሚባል ሩቅ የተራራ ከተማ ይዛወራል።

እስካሁን የነገርኳችሁ የፖሊስ ዜና ይመስላል። የመጽሐፉ ቁም ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ተማሪዎቹ በአንድ ሌላ ጉዳይ ይቀጣሉ፤ ሣጥኖቻቸው ተፈትሸው መጠጡም ሲጋራውም ይያዛል። ያስያዛቸው በእውነቱ አልቤርቶ ነው። እነሱ ግን «ጠቋሚው ጃጓር ነው» ብለው ይደመድማሉ። ያ ሁሉ ሰው ሲፈራው የኖረው ጃጓር ተገልሎ፣ ተተፍቶበት፣ ብቻውን ይቀራል። ማን እንደ ጠቆመ ያውቃል፤ ነገር ግን አይናገርም። ክበቡ ያስተማረው ሕግ ይኸው አንድ ሕግ ነው፤ መስረቅ ይቻላል፣ መደብደብ ይቻላል፣ መናገር ግን አይቻልም።

እስቲ ልብ በሉ። በዚያ ግቢ ውስጥ አንድ ልጅ ተገድሏል። ተማሪዎቹን ያስቆጣቸው ግን ግድያው ሳይሆን «ማን ነገረ?» የሚለው ነው። ሹማምንቱንም ያስጨነቃቸው ግድያው ሳይሆን ወሬው እንዳይወጣ ነው። ጉልቤዎቹና ሹማምንቱ የሚጠላሉ ይመስላሉ፤ በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ። ኮሎኔሉና ጃጓር የሚያከብሩት ሕግ አንድ ነው። ይህ ነው እንግዲህ ልብ ወለዱ የሚለው፦ በትምህርት ቤት ውስጥ ትልቁ ግፍ ቡጢው አይደለም፤ መናገርን ወንጀል ማድረግ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ወታደራዊ አዳሪ ትምህርት ቤት የለንም፤ ጠመንጃ ይዞ የሚማር ተማሪም የለንም። የክፍል አለቃ ግን አለን። መምህሩ ከክፍል ሲወጣ አለቃው ጠመኔውን ይይዛል፤ ጥቁር ሰሌዳው ጥግ ላይ ወይም በቁራጭ ወረቀት ላይ «ረባሾች» ብሎ ይጽፋል። ያወራ ልጅ ስሙ ይሰፍራል። ደግሞ ካወራ አጠገቡ ኤክስ ይደረግበታል። መምህሩ ሲመለስ ዝርዝሩን ያነብባል፤ አርጩሜው ወይም የጎማው አለንጋ በኤክሱ ልክ ይወርዳል። በዚህች አገር የተማረ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ቆሎ ያካፈለ ስሙ እንደሚፋቅለት፣ ከአለቃው ጋር የተጣላ ደግሞ አፉን ሳይከፍት ሦስት ኤክስ እንደሚቆጠርበትም ያውቃል።

ያው ልጅ በእረፍት ሰዓት ተመትቶ፣ እርሳሱን ተነጥቆ፣ «መምህር፣ እንትና መታኝ» ብሎ ሲመጣስ ምን ይባላል? «አሳባቂ! ሂድ ተቀመጥ!» ይባላል። ነገሩን ስታዩት ግራ ያጋባል። ከላይ ታዞ የመጣ ጥቆማ ሥርዓት ማስከበር ነው፤ ከታች አልቅሶ የመጣ ጥቆማ ግን ማሳበቅ ነው። አለንጋው ከላይ ወደ ታች የሚወርድበት መንገድ ጠርጎ ተሠርቷል፤ ቃል ከታች ወደ ላይ የሚወጣበት ግን መንገድ የለም። ልጁ ይህን ትምህርት በአንድ ቀን ነው የሚያጠናው፤ እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ መደጋገም እንኳን አያሻውም።

ለነገሩ ስም እንኳን አላወጣንለትም። አድራጊውን «ጉልቤ» እንለዋለን፤ እሱም ግማሽ ሙገሳ ነው። የሚደረግበት ልጅ ግን «ፈሪ» ከመባል በቀር ስም የለውም። ወላጅም ልጁን ሲያስመዘግብ መምህሩን «ዓይኑን ብቻ ይጠንቀቁልኝ እንጂ…» ብሎ የሚያስረክብበት ዘመን ጨርሶ አልሄደም። ቤት መጥቶ «መቱኝ» ሲል ደግሞ «አንተስ እጅ የለህም?» የሚል አባት አለ። ጃጓርን ጃጓር ያደረገው ይኸው ምክር ነው።

ከገጠር ወደ ከተማ ለሁለተኛ ደረጃ የሚመጡትን ልጆች አስቡ። ነቀምቴ ይሁን ጊምቢ፣ ነጆ ይሁን ሻምቡ፣ ደምቢ ዶሎም ቢሆን ያው ነው። ሁለት ሦስት ሆነው አንዲት የጭቃ ክፍል ይከራያሉ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በእግራቸው ወደ ቤተሰብ፤ እሑድ ዱቄቱን፣ ጩኮውን፣ እንጨቱን ተሸክመው ወደ ከተማ። ዕድሜያቸው አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ነው። ማታ በሩን ዘግቶ የሚያሳድራቸው ታላቅ ሰው የለም። የአንዱን ስንቅ ጉልበት ያለው ቢበላበት፣ የቤት ኪራዩን ቢቀማው፣ ለማን ይናገራል? አባቱ ያለው የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ነው። መምህሩ «ከግቢ ውጭ የሆነ ነገር አይመለከተኝም» ይላል። አከራይዋም «እናንተ ልጆች አትረብሹ» ይላሉ። አራና ሳምንታት ሙሉ በዚያ ግቢ ታግዶ ሲቀመጥ እኔ የታየኝ ይህ የኪራይ ክፍል ነው።

ቫርጋስ ዮሳ የማያሳየን ነገርም አለ፤ እሱም ሴት ልጅ ናት። ትምህርት ቤቱ የወንዶች ነውና ክፍል ውስጥ ሴት የለችም። ከቅጥሩ ውጭ ያለችው ተሬሳም ወንዶቹ የሚመኟት መልክ እንጂ በራሷ የምታስብ ሰው ሆና ብዙም አልተሣለችም። ሦስት ዋና ዋና ልጆች ያቺኑ አንዲት ልጅ መውደዳቸውም ከአጋጣሚ ያለፈ የደራሲ እጅ ይታይበታል። እኛ ጋ ግን ጉዳዩ ከሴቶቹ ይብሳል። መንገድ ላይ የሚጠብቃት፣ የሚጎትታት፣ የሚዝትባት ሰው እንዳለ አንዲት ተማሪ ቤት ውስጥ ብትናገር መፍትሔው ብዙ ጊዜ የታወቀ ነው፤ «እንግዲያው ትምህርቱ ይቅር»። ከዚያም ሽማግሌ ይመጣል፣ ትዳራለች። ስለዚህ ትምህርቷን የምትወድ ልጅ ዝም ትላለች። ወንዱ ሲናገር «አሳባቂ» ይባላል፤ እሷ ስትናገር ደብተሯን ታስረክባለች። ይህን የሚጽፍ ደራሲ እስካሁን ቢዘገይም ይመጣል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አንድ ቃል ላይ ቆም እንበል። በልብ ወለዱ ውስጥ አራናን «ባሪያው» ማለታቸው ለሊማ አንባቢ የልጆች ቅጽል ስም ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን ይህ ቃል ቅጽል ስም ብቻ አይደለም። ሂካ የሚባል ልጅ ኢሉባቦር ውስጥ ሁሩሙ አካባቢ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ከእናቱ ተነጥቆ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1870 እዚያ ነፃ ወጣ። አናሲሞስ ነሲብ የምንለው እሱን ነው። በስዊድን ሚሲዮን ተምሮ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ ሙሉው እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። በ1904 ወደ ነቀምቴ መጥቶ ማስተማር ያዘ። አብራው የሠራችው አስቴር ገኖም በልጅነቷ በባርነት የተወሰደች ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1894 የታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ የሁለቱ ሥራ ነው። እንግዲህ ባኬ ጃማ ላይ ፊደል ካስቆጠሩት ቀደምት መምህራን ሁለቱ ሰው እንደ ዕቃ የሸጣቸው ልጆች ነበሩ። በከተማችን የትምህርት ቤት ታሪክ መግቢያው ላይ የቆሙት እነሱ ናቸው። ዛሬ በእረፍት ሰዓት ያ ቃል ከአንድ ልጅ አፍ ወጥቶ ሌላው ላይ ሲወረወር «ልጆች ናቸው፣ ይቀልዳሉ» ብለን የምናልፍ ከሆነ እነዚያ ሁለት መምህራን ያስተማሩን ምን ገብቶናል?

ሌኦንሲዮ ፕራዶም እንዲሁ ነው። የተራራው ልጅ ካቫ በተራራ ሰውነቱ ይሰደባል፤ ጥቁሩ በጥቁረቱ፣ የሀብታሙ ሰፈር ልጅ በነጭነቱ ይለከፋል። ልጆቹ ይህን ስድብ ግቢ ውስጥ አልፈጠሩትም፤ ከየቤታቸው ይዘውት ነው የመጡት። ትምህርት ቤቱ ያደረገው ነገር ቢኖር በአንድ ቅጥር አጉሮ ማብሰል ብቻ ነው። እኛም ብንሆን ልጅ በአነጋገሩ፣ በትውልዱ፣ በወላጁ ሙያ የሚሰደብበትን ቃል ከመንገድ አላገኘውም። ከማታ ጨዋታችን ነው የለቀመው።

ስለ አጻጻፉ ትንሽ ልበል፤ ሂስ ነውና። መጽሐፉ ቀላል አይደለም። ጊዜው ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይዘልላል፤ ተራኪው ይቀያየራል። አንዳንዱን ምዕራፍ የሚተርክ ስሙ ያልተነገረን አንድ ድሃ ልጅ አለ። እናቱን የሚረዳ፣ የጎረቤቱን ልጅ ተደብቆ የሚወድ፣ በችግር ብዛት ሌቦች እጅ የወደቀ ልጅ ነው። አንባቢ ያዝንለታል፣ ይወድደዋልም። መጽሐፉ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ነው ያ ልጅ ማን እንደሆነ የሚገባን። ጃጓር ነው። ስንጠላው የኖርነውና ስንራራለት የኖርነው አንድ ሰው ሆኖ ይገኛል። ደራሲው «ጉልቤም ሰው ነው፣ እዘኑለት» ብሎ አልሰበከንም፤ ሳናውቀው አስወድዶን ነው ያስያዘን። ለአንድ መምህር ከዚህ የበለጠ ትምህርት ያለ አይመስለኝም። ከክፍሉ የሚያባርረውን ልጅ ሌላኛውን ምዕራፍ አላነበበውምና።

ግድያውን ጃጓር ፈጽሞታል ወይስ አልፈጸመውም የሚለውም ሃያስያንን ሲያከራክር ኖሯል። በመጨረሻ ጃጓር ራሱ «እኔ ነኝ» ይላል፤ አንዳንዶች ግን የአለቅነት ክብሩን መልሶ ሊያገኝ የተናገረው ነው ይላሉ። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ኑዛዜው የመጣበት ሰዓት ነው። ጃጓር ወደ ጋምቦዋ ሄዶ ሲናገር ጋምቦዋ ዕቃውን ሸክፎ ሊሄድ ነው፤ ሠራዊቱም እውነቱን መስማት አይፈልግም። ጊዜው አልፏል። ልጁ ሊናገር ባልደፈረበት ጊዜ ሰሚ ነበረ፤ ሲደፍር ሰሚው ተዛውሯል።

ጉድለቱን ልደብቅ አልችልም። ግፉ አንዳንዴ ከሚያስፈልገው በላይ ይዘረዘራል፤ በእንስሳትም በደካማ ልጆችም ላይ የሚደረገው ነውር አንባቢን ያቅለሸልሻል። ስለዚህ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ቤተ መጻሕፍት ግዙለት አልልም። ለመምህር፣ ለርእሰ መምህር፣ ለወላጅ ኮሚቴ ነው የምመክረው።

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ልቅሶ ነው፤ እኛም ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው» የሚል አይጠፋም። ተከብሮ ይሰማልን፤ ግን አንድ ጥያቄ ይመልስ። የሌኦንሲዮ ፕራዶ ታላላቆችም እኮ ያንኑ ነው የሚሉት። «እኛም ውሾች ነበርን» ብለው ነው አዲሶቹን በአራት እግር የሚያስኬዷቸው። ተመትቶ ያደገ ሁሉ ጨካኝ አይሆንም፤ እውነት ነው። ዱላ ምን ያስተምራል ከተባለ ግን መጀመሪያ የሚያስተምረው ጉልበት ያለው እንደሚመታ ነው። ጉልቤው ልጅ ይህን ትምህርት በሚገባ የቀሰመ ጎበዝ ተማሪ ነው።

ቁጥርም ካስፈለገ አለ። «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት የኢትዮጵያን፣ የሕንድን፣ የፔሩንና የቬትናምን ልጆች ለዓመታት ተከታትሏል። እ.ኤ.አ. በ2009 የ8 ዓመት ልጆች ሲጠየቁ ባለፈው ሳምንት መምህር ተማሪን ሲመታ አይተናል ያሉት በፔሩ ከግማሽ በላይ፣ በኢትዮጵያ ደግሞ ሦስት አራተኛ ያህሉ ናቸው። እኛው ራሳችን ተመትተናል ያሉት በሕንድ 78 ከመቶ፣ በኢትዮጵያ 38 ከመቶ፣ በፔሩ 30 ከመቶ፣ በቬትናም 20 ከመቶ ነበሩ። ይህ ሁሉ የሆነው ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. ከጸደቀ በኋላ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶች አካላቸውን ከሚጎዳ፣ ከጭካኔና ከኢሰብአዊ ቅጣት ነፃ መሆን እንዳለባቸው ይደነግጋል። ሕጉ ከመጣ ቆይቷል፤ አርጩሜው ግን ገና አልሰማም።

መምህሩን ብቻ መውቀስም አይገባም። ጋምቦዋን አስታውሱት። እውነቱን ወደ በላይ ያደረሰ መኮንን የተሸለመው ሩቅ አገር ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ስልሳና ሰባ ልጅ የታጨቀበት፣ ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው መምህር «በግቢያችን እንዲህ ያለ ግፍ አለ» ብሎ ሪፖርት ቢጽፍ ማን ያመሰግነዋል? «የትምህርት ቤታችንን ስም አጠፋህ» ከመባል በቀር። ልጅ ዝም የሚለው ጎልማሳው ዝም ሲል እያየ ነው።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ዝምታ ሌላ ክብደት ተጨምሮበታል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ ዞኖች በመንግሥት ኃይሎችና በታጣቂዎች መካከል በቆየው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የፈረሱና የተዘረፉም አሉ። ዓመት ሁለት ዓመት ከትምህርት ርቀው ወደ ክፍል የተመለሱ ልጆች አሉ። ዕድሜያቸው ከክፍላቸው በልጧል፤ አጠገባቸው የሚቀመጠው ትንሽ ልጅ ነው። ደግሞም ከማንኛውም ትምህርት በፊት «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ማለትን ተምረው ነው የመጡት። መንገድ ላይ ይህ ትምህርት ሕይወት አድኖ ይሆናል፤ አልፈርድባቸውም። ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ግን ይኸው ትምህርት ከቀጠለ የምናሳድገው ሌላ ክበብ ነው። ቡጢን ፈርቶ ዝም ያለ ልጅ ነገ ጉቦን ሲያይ፣ ግድያን ሲያይ ምን ይላል? ዝም ማለቱን የተማረው ከእኛው ክፍል ነው።

ልብ ወለድ ምን ሊያደርግ ይችላል? ቻርልስ ዲከንስ እ.ኤ.አ. በ1838 ወደ ዮርክሺር ሄዶ ልጆች የሚራቡባቸውንና የሚገረፉባቸውን ርካሽ አዳሪ ትምህርት ቤቶች አየ፤ «ኒኮላስ ኒክልቢ» በተባለው ልብ ወለዱ ውስጥም አስገባቸው። ሕዝቡ አነበበ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን አወጡ፣ ከእነዚያ ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ተዘጉ። የቫርጋስ ዮሳ መጽሐፍ የገጠመው ሌላ ነው። ስሙ የተጠራው ትምህርት ቤት ቅጂዎቹን በግቢው ውስጥ በይፋ አቃጠላቸው ተብሎ ሲነገር ኖሯል። አንዱ አገር ሲነገረው ነገሩን መረመረ፤ ሌላው ነጋሪውን ወነጀለ።

ይህ በልብ ወለድ ብቻ የሚቀር ነገር አይደለም። ኖርዌይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1982 ሦስት ልጆች በጓደኞቻቸው ግፍ ተማርረው ራሳቸውን እንዳጠፉ ሲነገር አገሩ ደነገጠ። በማግስቱ ዓመት መንግሥት አገር አቀፍ ዘመቻ ከፈተ፤ ዳን ኦልቬየስ የተባለው ተመራማሪም የሥራ ዕቅድ አወጣ። ዕቅዱ ጉልቤውን ማባረር ላይ አልተመሠረተም። በእረፍት ሰዓት ግቢውን የሚጠብቅ ጎልማሳ ይኑር፤ ክፍሉ «ማንም ማንንም አያጠቃም» የሚል ሕግ ራሱ ያውጣ፤ በየሳምንቱ ተቀምጦ ይነጋገር፤ ነገር ሲፈጠር ሁለቱም ወገኖችና ወላጆቻቸው ይጠሩ ይላል። ከዚህ ውስጥ በጀት የሚጠይቅ ምን አለ? ሽማግሌ ተቀምጦ ነገር መስማት ለእኛ እንግዳ ባህል አይደለም። በዛፍ ጥላ ሥር ለበሬና ለድንበር ጠብ ግማሽ ቀን የምንሰጥ ሰዎች ነን። ለአንድ ልጅ እንባ አሥር ደቂቃ እንዴት እናጣለን?

ትልቅ ነገር አልጠይቅም። የክፍል አለቃው ጠመኔ ይዞ «ረባሾች» ብሎ ከመጻፉ በፊት «ዛሬ ማን ተመታ? ማን ምሳውን ተቀማ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ጎልማሳ በየትምህርት ቤቱ ይኑር። ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ በሩ የማይዘጋ፣ ሴቶቹም የማያፍሩት ሰው ይሁን። ልጁ መጥቶ ሲነግረውም ነጋሪውን ሳይሆን ነገሩን ይመርምር።